ባላምባራስ ወንድይፍራው አንቱ የተባሉበት ገና

አስተዋይና ብልህ አንባቢ ሆይ፣ ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሁሉ የመግቢያውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን የመውጫውንም ሰዓት ወስኖ እንደ ሰጠው፣ ፀሐይ ማንም ሳይገሥጻት በምዕራብ እንደምትጠልቅ፣ ክረምትም ማንም ሳያባርረው መስከረም ሲጠባ ጓዙን ጠቅልሎ እንደሚሄድ፣ ፍሬም በበሰለ ጊዜ ከቅርንጫፉ ጋር ሙግት ሳይገጥም እንደሚወድቅ፣ ይህን ሁሉ ለሚመለከት ንቁሕ ኅሊና እጅግ የሚያስደንቀው ነገር፣ ከፍጥረት ሁሉ በላይ ዕውቀትና ጥበብ የተሰጠው የሰው ልጅ ብቻውን የመውጫውን ሰዓት ሳያውቅ መገኘቱ ነው። ጉልበት ሲመጣ ነጋሪት እያስጎሰመና እልልታ እያስመታ ይመጣል፤ ሲሄድ ግን ጫማውን አውልቆ በጓሮ በር ስለሚወጣ፣ መሄዱን ጎረቤት ሁሉ ከሰማ በኋላ በመጨረሻ የሚሰማው ባለቤቱ ነው። ስለ ነገሥታት መውረድና ስለ መሳፍንት መሻር ሊቃውንት ብዙ ስለ ጻፉ፣ እኔ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔ የምተርከው ዱላና ኳስ ስለያዘ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ነገሩ ቀላል መስሎ የታየው አንባቢ ካለም፣ ከሚወደው ነገር በገዛ እግሩ ወጥቶ የሚያውቅ እንደ ሆነ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ።

በቀደሙት መሳፍንትና መኳንንት መዋዕል፣ ከወንጭት ወንዝ ማዶ ባለው ደገኛ ምድር፣ ላይ አፋፍና ታች ሜዳ የሚባሉ ሁለት አጥቢያዎች ነበሩ፤ እነዚህም በገበያ አንድ፣ በጋብቻ የተሳሰሩ፣ በለቅሶ የሚደራረሱ፣ በጽዋ ማኅበር የሚጠራሩ ሲሆኑ፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ይኸውም በልደት በዓል ከቀትር በኋላ፣ ከጥንት ጀምሮ ደም እንዳላቸው ባላጋሮች እየተያዩ የጥድ ሜዳ በሚባለው ሰፊ መስክ ላይ ይሰለፉ ነበር። የጦር መሣሪያቸው ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ነበር፤ ስሙም እንደ በዓሉና እንደ ጨዋታው ሁሉ ገና ይባላል። የሚዋደቁባትም ሩር የምትባል፣ ከእንጨት ተጠርባ የተድበለበለች፣ ከጡጫ የማትበልጥ ኳስ ነበረች፤ ይህችን ሩር እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ወገን ግብ አገባ ይባላል፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ግብ ያበዛውም ወገን የዓመቱን ኩራት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። ስለ ዱላው ርዝመትም ሆነ ስለ ተጫዋቹ ብዛት የተጻፈ ሥርዓት አልነበረም፤ ሽማግሌው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው አንድ ጽኑዕና የማይሻር ሕግ ግን ነበር፤ ይኸውም በጥድ ሜዳ ላይ አንቱታ የለም የሚል ነው። ጌታና ሎሌ፣ ባለ ርስትና አራሽ፣ ዳኛና ተከሳሽ በዚያ መስክ ላይ በተሰለፉ ጊዜ ሁሉም አንተ ነበሩ፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ አይከሰስም፤ አራሹም የባለ ርስቱን አፍንጫ በግጥም ቢያነሣ አይታሰርም፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቂም ይዞ የተገኘ ሰው ግን ጾም እንደ ሻረ ይቆጠር ነበር። ስድቡ የተፈቀደው በባላጋራ ላይ ብቻ ነው፤ የገዛ ወገንን መስደብ ነውር ነው፤ ይህችን የሕግ ቅርንጫፍ አንባቢ ልብ ይበላት፣ በኋላ ታስፈልገናለች።

የላይ አፋፍ አበጋዝ ባላምባራስ ወንድይፍራው ይባሉ ነበር። ደረተ ሰፊና ድምፀ ነጎድጓድ፣ በዳኝነት ወንበር ሲቀመጡ ግሩምና ርቱዕ፣ በማዕድ ሲቀመጡ ለጋስና ተጫዋች ሲሆኑ፣ አፍንጫቸው ግን ከመልካቸው ሁሉ ቀድሞ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ረዥም ስለ ነበረ፣ ለታች ሜዳ ገጣሚዎች ክረምት ከበጋ የማይነጥፍ ምንጭ ሆኖ ይኖር ነበር። ከእነዚህም ገጣሚዎች ዋናው ጫንያለው የሚባል የታች ሜዳ ገበሬ ነበር፤ ይህ ሰው የወገኑ አበጋዝና ግጥም አውራጅ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ባላምባራስን ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ፣ በልደት ቀን ግን ጥርሱን ፍቆና ጉሮሮውን ጠራርጎ ይመጣ ነበር። አንድ ዓመትም፣ ባላምባራስ ከቤታቸው ካባ ሲለብሱ ጥቂት ዘግይተው ወደ ሜዳ ቢገቡ፣ እንዲህ ሲል አወረደ፦

አፍንጫው ቀድሞት ሜዳ ሲደርስ፣
እሱ ገና ነው ካባ ሲለብስ።

ባላምባራስም ይህን በሰሙ ጊዜ ሩሯን ትተው በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ይዘው በመሳቃቸው፣ በዚያች ቅጽበት ታች ሜዳዎች ግብ አገቡባቸው። ከሁሉ አብልጦ የሰደባቸውን ሰው ፀሐይ ስትጠልቅ የለበሱትን ኩታ አውልቀው መሸለም ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ጫንያለው ለራሱ ኩታ ገዝቶ የለበሰበትን ዓመት የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ውብአንቺ፣ ምክረ ጥሩና አንደበተ ርቱዕ ሴት፣ ይህን ጨዋታ እንደማይወዱ ለሰማ ሁሉ ይናገሩ ነበር፤ የባላቸውንም ጉልበት በየዓመቱ በቅቤ አሽተውና በጨርቅ አስረው የሚልኩትም የሚቀበሉትም እሳቸው ስለ ሆኑ የመናገር መብት ነበራቸው። አንድ ዓመት ሩር የባላምባራስን ግንባር አግኝታው በቃሬዛ ወደ ቤት በተመለሱ ጊዜ፣ ወይዘሮ ውብአንቺ የደብሩን ሊቅ መሪጌታ ክንፈ ሚካኤልን በምስክርነት አስጠርተው፣ ባላቸው ይህን ነገር የሚተዉበትን ቀን በቃል እንዲያስሩላቸው ግድ አሉ። ባላምባራስም ራሳቸው በሻሽ ተጠቅልሎ፣ ዓይናቸው አንዱ ተከፍቶ አንዱ ተከድኖ፣ «ገናን በገና እተዋለሁ» ብለው ማሉ። ቤቱም በእልልታ ተመላ። ዓመት ዞሮ ልደት ሲደርስ ግን ባላምባራስ ዱላቸውን ቅቤ ሲቀቡ ተገኙ፤ ወይዘሮ ውብአንቺም ስለ መሐላው ቢጠይቋቸው፣ «በገና እተዋለሁ አልሁ እንጂ የትኛው ገና እንደ ሆነ መች ተናገርሁ?» ብለው ወጡ። ከዚያም ወዲህ ወዳጅም ዘመድም «መቼ ነው የሚያቆሙት?» ባላቸው ቁጥር መልሳቸው «ገና ነው» የሚል ሆነ። ይህ ቃል፣ አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ሲጠብቅ በዓሉና ጨዋታው ነው፤ ሲላላ ግን ቆዩ፣ ሰዓቱ አልደረሰም ማለት ነው፤ ባላምባራስም አጥብቀው ሲጠይቋቸው አላልተው እየመለሱ ብዙ ዘመን አመለጡ።

ወይዘሮ ውብአንቺ በዚህ ነገር ቢቸገሩ ወደ መሪጌታ ሄደው የመሐላውን ፍቺ ጠየቁ፤ መሪጌታም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው እንዲህ አሏቸው፦ «እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ገናን በገና እተዋለሁ ብለው ምለዋል። ቃሉን ከሁለት የከፈሉት እንደ ሆነ የትኛው ገና እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ማንም ሊይዛቸው አይችልም፤ አንድ አድርገው ያነበቡት እንደ ሆነ ግን በገና ነው፤ ዐሥር አውታር ያለው፣ ዳዊት የደረደረው። ገናን በበገና ይለውጣሉ ማለት ነው። እንግዲህ በገናውን ያሰናዱና ይጠብቁ፤ ሰው የተናገረው ቃል ዞሮ ባለቤቱን የሚይዝበት ቀን አያጣም።» ወይዘሮ ውብአንቺም ነገር ሲገባቸው የሚዘገዩ ሴት አልነበሩምና፣ ከታወቀ ጠራቢ ዘንድ መልካም በገና አሠሩ፤ ይህንም በገና በየልደቱ በነጭ ሸማ አስጠቅልለው ወደ ጥድ ሜዳ አስይዘው ይወርዱ፣ ከጥዱ ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ አስደግፈው ይቀመጡ፣ ሲመሽም ድምፁ ሳይሰማ ይዘውት ይመለሱ ነበር። ባላምባራስም ወደ ሜዳው ሲገቡ ያልጠሩትን እንግዳ እንደሚያይ ሰው በዓይናቸው ጠርዝ ብቻ እያዩት ያልፉ ነበር።

ይሁን እንጂ ዘመን ባላምባራስንም አልማራቸውም። ጉልበታቸው ሲራመዱ እንደ አሮጌ ደጅ መጮኽ ጀመረ፤ ትንፋሻቸውም ከእግራቸው ቀድሞ ይደክም ጀመር፤ ላይ አፋፍም ከዓመት ዓመት ይሸነፍ ጀመር። የሽንፈቱ ምክንያት ለሁሉ ግልጥ ነበር፤ የባላምባራስ የእህት ልጅ ጥሩነህ፣ ሩጫው እንደ ሚዳቋ የሆነ፣ በሁለቱም አጥቢያ አቻ ያልተገኘለት ጎልማሳ፣ ሩሯን በያዘ ጊዜ ሁሉ፣ ፊት ለፊቱ የባላጋራው ድንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ለአጎቱ ክብር ሲል ወደ ኋላው ዞሮ ለባላምባራስ ያቀብል ነበርና፤ ባላምባራስም እስኪደርሱ ድረስ ታች ሜዳዎች ሩሯን ነጥቀው ይሄዱ ነበር። ይህን እንዳይነግሯቸው የወገን ስድብ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከሜዳው ውጭ እንዳይነግሯቸው ደግሞ ባላምባራስ ናቸው። የባላምባራስን ልብ በሜዳው ላይ ያሰረው ግን ሰው እንደሚያማቸው ትዕቢት አልነበረም። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ውብአንቺ ጉልበታቸውን ሲያሹላቸው በራሳቸው አንደበት ነግረዋቸዋል፦ «ውብአንቺ ሆይ፣ አባቴ ሞተ፣ እናቴ ሞተች፣ አብሮ አደጎቼም አለቁ። አንቺም ብትሆኚ ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አንቱ ትዪኛለሽ። በዚህ አገር ላይ አንተ የሚለኝ ማን ቀረ? ያቺ ሜዳ ብቻ ናት። እሷን የተውሁ ዕለት ወንድይፍራው የሚባል ሰው ሞቶ ባላምባራስ የሚባል ሰው ብቻውን ይቀራል።» ወይዘሮ ውብአንቺም ይህን በሰሙ ጊዜ አለቀሱ፤ ቅቤውንም ጨምረው አሹ።

የምተርከው ልደት በደረሰ ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለና ነፋሱ ለስላሳ ነበር፤ ሕዝቡም ከቅዳሴ በኋላ ጾሙን ፈትቶ፣ በልቶና ጠጥቶ፣ በጥጋብና በዘፈን ወደ ጥድ ሜዳ ወረደ። እንግዲህ አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ እኔም ጸሐፊው ለሜዳው ሕግ ተገዢ ስለ ሆንሁ፣ አንቱታዬን ከጥዱ ሥር አስቀምጬ እገባለሁ፤ ከዚህ በኋላ ባላምባራስ የለም፣ ወንድይፍራው አለ። ወንድይፍራው ካባውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዱላውን በትከሻው ላይ ጥሎ ወደ መካከል ወጣ፤ ጫንያለውም ከወዲያ መጣ፤ ሩሯም ተጣለች፣ ዱላና ዱላም ተላተመ፣ አቧራውም ተነሣ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ የወንድይፍራው ድምፅ እንደ ጥንቱ ተራራውን አስተጋባው፤ እግሩ ግን ከድምፁ ጋር አልመጣም። ጥሩነህ ሩሯን ይዞ ከታች ሜዳዎች መካከል እንደ መርፌ ሾልኮ ሲወጣ ታየ፤ ሕዝቡም «ግባ! ግባ!» ሲል፣ እሱ ቆመ፣ ዞረም፣ ለአጎቱ ላከ፤ አጎቱም ሊደርስባት ሲሮጥ ሩሯ በፊቱ አልፋ ሄደች፤ ታች ሜዳዎችም ወስደው አገቡ። ወይዘሮ ውብአንቺ ከበገናው አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለች ጊዜ፣ ወንድይፍራው ያቺኑ የተላከችለትን ሩር አሳድዶ ሲሮጥ ጉልበቱ ከዳውና በሙሉ ቁመቱ አፈር ላይ ተዘረረ። በቀደሙት ዓመታት እንዲህ ያለ መውደቅ ለታች ሜዳዎች የሠርግ ያህል ነበር፤ በላዩ ላይ ይዘሉ፣ ጫንያለውም አቧራው ሳይበርድ ግጥም ያወርድ ነበር። ዛሬ ግን በላዩ የዘለለ አልነበረም። ጫንያለው ሩሯን በዱላው አቁሞ፣ ወደ ወደቀው ሰው ቀርቦ፣ በሁለት እጁ ደግፎ እያነሣው፣ «አይዞዎት ጌታዬ፣ ቀስ ብለው ይነሡ፤ አንቱን የመሰሉ ሰው አፈር ላይ ወድቀው ማየት አይሆንልንም» አለ። ወንድይፍራው ጆሮው ስለ ጮኸበት ቃሉን በቅጡ አላስተዋለም፤ ከእግሩ በታች ሲመለከት ሩር ልክ በዱላው ፊት ተቀምጣ አገኛት፤ ቀና ሲልም የታች ሜዳ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ተከፍለው መንገዱን ለቀው አየ፤ መታት፤ ሩሯም ተንከባላ ድንበሩን አለፈች። ላይ አፋፍ በጩኸት ተናወጠ። ወንድይፍራውም ሰው ነውና ደስ አለው፤ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ከድል በኋላ የሚመጣውን የሚወደውን ነገር፣ የጫንያለውን ስድብ ለመስማትም አፍንጫውን እንደ ጋሻ ወደ ፊት አቅንቶ ቆመ። ጫንያለውም ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ሲል አወረደ፦

ይኑሩልን እንጂ ይቀመጡ በጥላ፣
አንቱ የእኛ ዋርካ የሜዳው ከለላ።

ታች ሜዳዎችም በለዘበ ድምፅ፣ እንደ መዝሙር አድርገው ተቀበሉት። በጥድ ሜዳ ላይ፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ በማያውቅበት ስፍራ፣ አንቱ ተባለ። ወንድይፍራው ከተቀበለው የዱላ ቍስል ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል አጥንቱ ድረስ ገባች፤ እጁም ዝቅ አለ። ወደ ጫንያለው ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመና፣ «ጫንያለው፣ ምን በደልሁህ?» አለው። «ምንም አልበደሉኝም፣ ጌታዬ» አለ ጫንያለው። «ታዲያ ስለ ምን አትሰድበኝም? አፍንጫዬ አጠረብህን? ጉልበቴ ቀናብህን? ግብ አግብቼብህ በአንቱ ትመልስልኛለህን? ስደበኝ እንጂ!» ጫንያለውም ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ በዱላው ጫፍ አፈሩን እየጫረ፣ «ጌታዬ፣ ስድቡን ከቤቴ አሰናድቼ ነበር የመጣሁት፤ አንድ ጎተራ ይሞላል። ሲወድቁ ግን አባቴን ያየሁ መሰለኝና አንደበቴ እንቢ አለኝ። ሩሯንም ከዱላዎ ፊት ያኖርኋት እኔ ነኝ» ብሎ መለሰ።

የሁለቱ አጥቢያ ሰዎችም ወንድይፍራው ምን ያደርግ ይሆን ብለው ተመለከቱት። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ዘመን ያልታየው ነገር በአንድ ጊዜ ታየው፤ አንተ የምትለውን ቃል እንዳያጣ ብሎ በሜዳው ላይ የሙጥኝ ሲል፣ ቃሏን ከሜዳው ያባረራት ይኸው ሙጥኝ ማለቱ እንደ ነበረ፣ ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆኖ እንደ ተገኘ ተረዳ። በመጀመሪያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎም ትከሻው፤ ከዚያም ያ የታወቀው ሳቅ፣ ሆድ በሁለት እጅ የሚያስይዘው ሳቅ፣ ከእንባው ጋር ተደባልቆ ወጣ። ወደ ጥዱም ዞሮ ተራራው እስኪሰማ ድረስ፣ «ውብአንቺ ሆይ! ገና ነው!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ይህን መልስ ብዙ ዓመት ስለ ሰማው በአንድነት «ኧረ!» ብሎ ተከዘ፤ ወይዘሮ ውብአንቺ ግን ከድንጋዩ ላይ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ባላምባራስ፣ እንደ ልማድዎ ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ?» ብለው ጠየቁ። «ጠብቋል!» አለ ወንድይፍራው፤ «እንደ ከበሮ ጠብቋል! የማልሁበት ገና ይህ ነው!»

ከዚህም በኋላ ወንድይፍራው በአበጋዝነቱ የመጨረሻ የሆነውን ፍርድ ፈረደ፤ «አሁን የገባችው ግብ ምጽዋት ናት፤ ምጽዋት ደግሞ ለነፍስ ይጻፋል እንጂ ለላይ አፋፍ አይቈጠርም» ብሎ ያገባትን ግብ በገዛ አፉ ሻረ። የእህቱንም ልጅ ጠርቶ ዱላውን በእጁ አኖረና፣ «ጥሩነህ፣ ይህችን ገና እንካ። ከእንግዲህ ወዲያ ሩር ይዘህ ወደ ኋላህ ብትመለከት የአጎትህ እርግማን በቅልጥምህ ላይ ይሁን» አለው። «ጋሼ፣ ያለ እርስዎ እኮ…» ብሎ ጥሩነህ ሊናገር ሲጀምር፣ «በዚህ ሜዳ ላይ ዳግመኛ እንዲህ አትበለኝ!» ብሎ ገሠጸው፤ ጎልማሳውም ፊቱ ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሺ ጋሼ… አንተ» አለ፤ ይህችንም አንዲት ቃል ለማውጣት የደረሰበት ጭንቅ ከሩጫው ሁሉ ይልቅ እንዳላበው ያዩት ይመሰክራሉ። ወንድይፍራውም አፈሩን ከጉልበቱ አራግፎ፣ በገዛ እግሩ እያነከሰ፣ ማንም ሳይደግፈው ከሜዳው ወጣ።

ከጥዱ ሥር በደረሱ ጊዜ ያስቀመጥሁትን አንቱታ አንሥቼ እመልስላቸዋለሁ። ባላምባራስ በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ ነገር ግን ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ወይዘሮ ውብአንቺ ተገርመው፣ «አይመለከቱምን?» ቢሏቸው፣ «ዓይኔን ያየ እንደ ሆነ ያ ልጅ ያቀብለኛል» አሉ። ስለዚህ ጨዋታውን በባለቤታቸው ፊት ላይ ብቻ ተከታተሉት፤ ቅንድባቸው ሲነሣ ሩሯ ወደ ታች ሜዳ ድንበር እንደ ቀረበች፣ ከንፈራቸው ሲነከስ እንደ ተመለሰች እያወቁ፣ ጨዋታን አልወድም ሲሉ የኖሩት እኒህ ሴት የእያንዳንዱን ተጫዋች አመል ከአበጋዙ አስበልጠው እንደሚያውቁ ያን ጊዜ ተረዱ። ፀሐይ የተራራውን ጫፍ ልትነካ ጥቂት ሲቀራት፣ አጎቱ ከወጡ በኋላ አንድ ግብ መልሶ አቻ ያደረገው ጥሩነህ ዳግመኛ ሩሯን ይዞ ወጣ፤ ከድንበሩም አጠገብ በደረሰ ጊዜ የብዙ ዓመት ልማድ አንገቱን ጎትቶ ወደ ኋላ አዞረው፤ ነገር ግን ያየው የአጎቱን ሰፊ ጀርባ ብቻ ነበር። ያ ጀርባ ከብዙ ምክር የበለጠ ነገረው፤ ፊቱን መልሶ በአጎቱ ዱላ መታት። ግቧን ባላምባራስ አላዩዋትም፤ ወይዘሮ ውብአንቺ ግን ከድንጋዩ ላይ ዘለው እልል እያሉ የባላቸውን የታመመ ጉልበት በጡጫ ደበደቡት፤ ባላምባራስም ከሕመሙ የተነሣ ይሁን ከደስታው ባልታወቀ ድምፅ ጮኹ።

ድሉ በታወጀ ጊዜ የሁለቱም አጥቢያ ሕዝብ በጥዱ ሥር ተሰበሰበ፤ ወይዘሮ ውብአንቺም ያን ለብዙ ዓመታት ድምፁ ሳይሰማ የተመላለሰውን በገና ከነጭ ሸማው ገልጠው በባላቸው ጭን ላይ አኖሩት። መሪጌታ ክንፈ ሚካኤል ቀርበው፣ «መሐላው ተፈጸመ፤ እንግዲህ ለልደቱ አንድ ምስጋና ያሰሙን» አሉ። ባላምባራስ በሕይወታቸው አውታር ነክተው አያውቁም፤ ሆኖም ከመሞከር የሚያፍር ሰው ስላልነበሩ፣ ሩር በሚመቱበት ክንድ በገናውን ገጠሙት። የወጣውን ድምፅ ለመግለጽ የቀደሙት ሊቃውንት ያኖሩልኝ ቃል የለም፤ ሕፃናት ወደ እናቶቻቸው ሸሹ፣ መሪጌታም ዓይናቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፣ ከጥዱ ታስሮ የነበረው የመሪጌታ በቅሎ ገመዱን በጥሶ ወደ ወንዙ ተፈተለከ። ሁሉም ለባላምባራስ ክብር ሲል ሳቁን ዋጠ። አንድ ሰው ብቻ አልዋጠም፤ ጫንያለው ነበር። አንደበቱ እንደ ተከፈተ ጅረት ተፈታ፤ ሕዝቡን በክርኑ ገፍቶ ወጣና፣ «አንተ ወንድይፍራው!» ብሎ ጮኸ፤

ገና ስትመታ ሰው ይሸሽ ነበረ፣
በገና ስትመታ በቅሎ እንኳ በረረ።

በገና ይደረደራል እንጂ አይመታም የሚል ሊቅ ቢኖር፣ ጫንያለው የተናገረው በዓይኑ ያየውን መሆኑን እመሰክርለታለሁ። ከላይ አፋፍ ሰዎች አንዱ ደንግጦ፣ «ዝም በል! ከሜዳው እኮ ወጥተዋል፤ አንቱ በል!» ብሎ ሊያስቆመው ሲነሣ፣ ባላምባራስ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «ተወው! ተወው! እንኳን ተናገረ!» አሉ። መሪጌታም የበቅሎአቸውን ነገር ለጊዜው ትተው፣ ይህ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከዛሬ ጀምሮ ከጥድ ሜዳ አንድ ክፍል ሆኖ እንዲቈጠር፣ በልደትም ቀን በላዩ የተቀመጠ ሰው ማንም ይሁን ማን አንተ እንዲባል ፈረዱ፤ ሁለቱም አጥቢያዎች በአንድ ድምፅ አጸኑት። ባላምባራስም የለበሱትን ኩታ አውልቀው ለጫንያለው አለበሱት፤ እሱም ኩታውን ተከናንቦ፣ በድንጋዩ አጠገብ ቆሞ፣ ያን ከቤቱ አሰናድቶት የመጣውን ጎተራ ሙሉ ስድብ ከአፍንጫው ጀምሮ አንድም ሳያስቀር አወረደው፤ ወይዘሮ ውብአንቺም ከሠርጋቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ፣ በባላቸው ጆሮ፣ «አንተ፣ ተነሥ እንግዲህ፣ ብርድ ይመታሃል» አሏቸው። ሰው ከሜዳ መውጣት የሚገባው ጉልበቱ በከዳው ቀን ሳይሆን ባላጋራው በራራለት ቀን ነው፤ ያችን ቀን አውቆ በገዛ እግሩ የወጣ ሰው፣ እሱ ሜዳውን ቢተወው እንኳ ሜዳው እሱን አይተወውም።